ተራ ስለ መስረቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሌብነት ብዙ ተጽፎልሃል። ኪስ አውላቂውን፥ ጎተራ ሰባሪውን፥ ጉቦ በሊታውን ሹም ሁሉም ያወግዘዋል፤ እኔም አወግዘዋለሁ። ዛሬ የማወራህ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሌባ ነው። ይህ ሌባ በር አይሰብርም፥ በሌሊትም አይሄድም። ፊደል የቆጠረ፥ በሰፈሩም የተመሰገነ ሰው ነው። የሚሰርቀው ገንዘብ ሳይሆን ተራ ነው። ይህን ሰው በወሬ አላውቀውም፤ አንድ ቀን እኔው ራሴ ሆኜው ነበር።

የተወለድሁት በኮልፌ ነው፤ በቀበሌ ቤት። የቀበሌ ቤት ከየት እንደ መጣ የማታውቅ እንደ ሆነ በአጭሩ ልንገርህ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሚደርሱት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ድኻው በጥቂት ብር ጣራ አገኘ። ነገር ግን ኪራዩ ቤቱን ለማደስ የሚበቃ አልነበረምና ጭቃው ተናደ፥ ቆርቆሮው ዛገ። ሰዉ በዛ፥ ቤቱ ግን አልበዛም። ስለዚህ የጋራ መኖሪያ ቤት፥ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የምንለው፥ ይሠራል ተብሎ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ በተደረገ ጊዜ ከ450,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነው ይባል ስለ ነበር ቅጽ የሚያስሞላ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ በመጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ነበሩ። በአከራይ ጓሮ አንዲት ክፍል ይዘው፥ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ፥ ማንበብ የማይችሉ መበለት ናቸው። የእሳቸውን እውነቱን ጻፍሁ። ቀጥሎ የአጎቴ ልጅ ከነሚስቱ መጣ። ለባልና ሚስት የሚገባው አንድ ቤት ነውና፥ ዕድላቸው እጥፍ እንዲሆን ሁለቱንም በየራሳቸው «ያላገባ»፥ «ያላገባች» እያልሁ እንድሞላላቸው ለመኑኝ። መታወቂያቸው በየወላጆቻቸው ቤት የወጣ ስለ ነበር የሚጠይቃቸው አልነበረም። የሠርጋቸውን ድግስ የበላሁ እኔ በዚያው ብዕር፥ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍሁላቸው። «እጅህ ይባረክ» ተባልሁ፤ ደስም አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድ ዙር ዕጣ በጋዜጣ ወጣ። ጎረቤታችን ጋዜጣውን ገዝተው እንዳነብላቸው ይዘውልኝ መጡ። ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ አጣሁት። ያገኘሁት የአጎቴን ልጅ ሚስት ስም ነው። «እማማ፥ የእርስዎ የለም» አልኋቸው። እሳቸውም ጋዜጣውን አጥፈው፥ «ለደረሰው ይባርክለት፤ የእኛም ተራ ይደርሳል» ብለው ሄዱ። ያ ምርቃት ከእርግማን ይልቅ ከበደኝ።

ያች ቤት ዛሬም ለሌላ ሰው ተከራይታለች፤ ባለቤቶቿ አንድ ሌሊት እንኳ አላደሩባትም። ጎረቤታችን ግን አከራይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከኮልፌ ወደ አየር ጤና፥ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ፥ በመጨረሻም ከከተማው ወጥተው ወደ ዓለም ገና ሄዱ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው በታደሰ ጊዜ እንደገና ተመዝግበው ከእንጀራው በየወሩ እየቀነሱ በንግድ ባንክ ይቆጥቡ ነበር። ደብተሩ ዛሬ በልጃቸው እጅ ነው። እሳቸው ተራቸው ሳይደርስ ዐረፉ።

ስለዚህ ነገር የአጎቴን ልጅ ብናገረው ሳቀብኝ። «የመንግሥት እኮ ነው፤ ማንን ጎዳሁ?» አለኝ። እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ይህችን ቃል አብረን እንመርምራት፤ ክፋቱ ሁሉ የተሸሸገው በእርሷ ውስጥ ነውና።

ይህ ዘመዴ የዕቁብ አባል ነው። ዕቁቡ ውስጥ ስሙን ሁለት ጊዜ በዕጣ ለመክተት በሕልሙም አያስበውም። ዳኛውንና ጸሐፊውን ፈርቶ ነውን? አይደለም። ክብ ሠርተው የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ስለሚያይ ነው። የአንዱ ልጅ እንደ ታመመ፥ የሌላው ሱቅ እንደ ተዘጋ ያውቃል፤ የእነርሱን ተራ መብላት ነውር እንደ ሆነ አስተማሪ አላስፈለገውም። የቤት ተራም ሌላ ነገር አይደለም፤ ፊታቸውን የማናያቸው ሰዎች ዕቁብ ነው። «የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል ሥራው እነዚያን ፊቶች መሸፈን ብቻ ነው። መጋረጃውን ግለጠው፤ ከበስተኋላው መንግሥት ሳይሆን እንጀራ የሚጋግሩ መበለት ተቀምጠው ታገኛለህ።

ሌላው፥ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ይተርትብሃል። አባቶቻችን ብዙ መልካም ተረት ትተውልናል፤ ይህ ግን ከመርዞቻቸው አንዱ ነው። ሹሙን እየረገምን ተረቱን እናመሰግናለን። በተሰጠን ትንሽ ሥልጣን፥ ይኸውም በአንድ ብዕርና በአንድ ቅጽ ያላመንን ሰዎች ነገ ማኅተም ቢሰጠን ምን እንደምናደርግ ማወቅ አያስቸግርም።

ሦስተኛው ደግሞ፥ «ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ ቤቱ ለምን አነሰ?» ይላል። ይህ ክርክር እውነት አለበትና አላፌዝበትም። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበው ሕዝብ ከ900,000 በላይ ሲሆን፥ በ2011 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች 51,000 ያህል፥ በ2014 ዓ.ም. የቀረቡት ደግሞ 25,000 ያህል ነበሩ። ወረፋውን እንዲህ ያስረዘመ አስተዳደር ሊጠየቅ ይገባዋል። ይልቁንም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሆነውን አትርሳ። ዕጣው በኮምፒዩተር ወጣ፥ ሕዝቡም እልል አለ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን በቁጠባ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ገብቶ ስለ ተገኘ ዕጣው ተሰረዘ። በነገሩ የተጠረጠሩ ኀላፊዎችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ተያዙ፤ ዕጣውም በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በዚያ ቀን ባለ ቤት ሆኛለሁ ብሎ ያደረ፥ በማግሥቱም ምንም ያልሆነ ሰው ያፈሰሰውን እንባ ማን ይከፍለዋል?

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ምንድር ነው? ሹሙ ስለ ሰረቀ እኔም ልስረቅ ነውን? ቤቱ ያነሰ እንደ ሆነ ተራው ይበልጥ ሊከበር ይገባዋል እንጂ ሊዘረፍ አይገባውም። ውኃ በጠፋበት ጊዜ ሁለት ጀሪካን ደብቆ የሚቀዳ ሰው ውኃ ባለሥልጣንን አልተበቀለም፤ የተበቀለው ከኋላው የቆመችውን ልጅ ነው። ደግሞስ በመንግሥት ላይ የምንከስሰውን ነገር በማለዳ እኛው ካደረግነው፥ ከሰዓት በኋላ በምን አፍ እንከሳለን?

ደንብ አልጠፋም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጠው ተከልክሏል፤ እኛ ግን ሽያጩን ውክልና ብለን እንጠራዋለን። በሲንጋፖር የመንግሥት ቤት የገዛ ሰው 5 ዓመት ሳይኖርበት ቤቱን በሙሉ ቢያከራይ ቤቱን እስከ መነጠቅ ሊደርስ ይችላል። ይህን ያወሳሁት የሰውን አገር ለማመስገን አይደለም። ቤት የተሠራው እንዲኖሩበት ነው የሚለው አሳብ ግልጽ ስለ ሆነ ነው። እኛ ዘንድ የቀበሌ ቤቱን በጥቂት ብር ይዞ፥ በብዙ ሺህ ለሌላ አከራይቶ፥ ራሱ በሠራው ቪላ የሚኖር ሰው «ብልጥ» ይባላል። ስሙን መለወጥ ይገባናል።

«ማንን ጎዳሁ?» ላለውም መልስ አለኝ። ቤት ያጣ ሰው ሳያድር አያድርምና ቤት ሊሠራበት በማይገባ ስፍራ ይሠራል። ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው በረጲ፥ ቆሼ በምንለው የቆሻሻ ክምር ጥግ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ደሳሳ ጎጇቸውን እዚያ የሠሩት መልካም ሽታ ፈልገው አልነበረም።

የሰፈራችንን ስም ልብ ብለኸዋልን? ቀራንዮ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ቀራንዮም ዕጣ ተጥሎ ነበር፤ ሊሞት በተሰቀለ ሰው ልብስ ላይ ወታደሮች ዕጣ ተጣጣሉ። በማጣጣላቸው አንዱ በሌላው ላይ ያታለለ አይመስለኝም፤ ደንቡን ጠብቀዋል። በደሉ ልብሱ የማን እንደ ሆነ አለመጠየቃቸው ነው። እኛ ግን የሌላውን ልብስ መውሰዳችን ሳይበቃን በዕጣውም እናታልላለን።

ስለዚህ አንተ መጻፍና ማንበብ የምትችል ወጣት፥ ይህን ልንገርህና ላብቃ። ዘመድህ ሐሰት ጻፍልኝ ቢልህ ብዕርህን አስቀምጥ፤ ቢቀየምህም ይቀየምህ። ያላየኸውን አይቻለሁ ብለህ ምስክር ሆነህ አትፈርም። ኮምፒዩተር የተማርህ እንደ ሆነ ያች ጣትህ የስንት ሰው ጣራ እንደምታፈርስ አስብ። የቤት ዝርዝር ሲወጣ ማንበብ የማይችሉትን ፈልገህ አንብብላቸው። እኔ ለጎረቤታችን ያነበብሁላቸው እውነት ነበር፤ ስማቸው አልነበረም። ያላነበብሁላቸው፥ ለምን እንዳልነበረ ነው። አሁን ልነግራቸው ብወድ አይሰሙኝም።