ከ52 ተማሪዎች 49ኛ

ባለፈው ወር አንድ አባት የልጃቸውን የውጤት ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ ከ52 ተማሪዎች 49ኛ ወጥቷል። «የኔታ፤ ይህ ልጅ አእምሮው ደካማ ነውና በእርሱ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይብቃኝ፤ አንዱ ጋራዥ ገብቶ እንጀራውን ይፈልግ» አሉን። ልጁ ከአጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር።

የጋራዥ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው አእምሮ የለውም ማን ይለዋል? ያሳዘነን አነጋገሩ ነው። የአባትየው ስጋት ግን መሠረት የለውም አንልም። በአእምሮ መለኪያ ፈተና ብዙ ነጥብ የሚያገኙ ሰዎች በአማካይ የተሻለ ሥራና ደመወዝ እንደሚያገኙ በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ምርመራ ያስረዳል። ሆኖም አማካይ የብዙዎች ነው እንጂ የአንዱ ልጅ ዕጣ አይደለም።

በአሜሪካ አገር፣ በሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1967 ዓ.ም. ዴቪድ ዋይካርት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ከድኾች ጥቁር አሜሪካውያን የተወለዱ 123 ሕፃናትን ለምርመራ መረጡ። ሕፃናቱ በመለኪያው ፈተና ያገኙት ነጥብ ከአማካዩ ከ100 እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። 58ቱ በየማለዳው 2 ሰዓት ተኩል ይማሩ ጀመር፤ 65ቱ ግን ያለዚህ ትምህርት ቀሩ። ትምህርቱ ቃል ማሸምደድ አልነበረም። ሕፃኑ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ራሱ ያቅዳል፤ ያቀደውን ይሠራል፤ በመጨረሻም የሠራውን ያወሳል። መምህርቲቱም በየሳምንቱ ወደ ቤቱ ሄዳ ከእናትና ከልጅ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ትቀመጣለች።

በመጀመሪያ የተማሩት ሕፃናት ነጥብ ከፍ አለ፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ብልጫው ጠፋ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በተባለ ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸው 40 ዓመት ሲሆን ቢጠየቁ፣ ከተማሩት መካከል ከመቶው 76ቱ፣ ካልተማሩት መካከል 62ቱ ሥራ ነበራቸው። የመካከለኛው ሰው የዓመት ገቢም በተማሩት ዘንድ 20,800፣ በሌሎቹ ዘንድ 15,300 ዶላር ሆኖ ተገኘ።

ነጥቡ ከጠፋ ገቢውን ያመጣው ምንድር ነው? በ2000 ዓ.ም. በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ ሄክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝገቡን መርምረው በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከጥቅሙ ቀላል የማይባለው ክፍል የመጣው ከጠባይ መታረም እንደ ሆነ ገለጡ፤ ይኸውም ሌላውን ማወክ መተው፣ በሴቶቹም ዘንድ ለትምህርት መትጋት ነው። 123 ሕፃናት ጥቂት ናቸውና ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዓለም ሁሉ መደምደም አይገባም። ለአንድ አባት ለመንገር ግን ይበቃል።

ይህን ሁሉ ከነገርናቸው በኋላ «ለመሆኑ ልጅዎ ማታ ማታ ምን ይሠራል?» ስንል ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ በሌሊት ወጥቼ በጨለማ የምገባ ሰው ነኝ፤ በምን ዐውቃለሁ?» አሉ። እኛም በየምሽቱ ሩብ ሰዓት ብቻ ከልጁ ጋር ተቀምጠው፣ ነገ ምን ለመሥራት እንዳሰበና ትናንት ካሰበው የትኛውን እንደ ፈጸመ እንዲጠይቁት ለመንናቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥተውናል።