ለባላንጣው የመሰከረ ሰው

 ምርጫና ፓርቲ በተነሳ ቁጥር ወጣቶቻችን «አሜሪካኖች እንዴት ጀመሩት?» እያሉ ይጠይቁናል። በዚህ ወር ዓምዳችን አገሪቱ ገና ለጋ ሳለች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ያካሄደችውን ምርጫ እንቃኛለን።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 ባስተላለፈው የስንብት መልእክት፣ የቡድን ስሜት አገር እንዳይከፋፍል አስጠንቅቆ ነበር። ምክሩ ሰሚ አላገኘም። የፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ፌዴራሊስቶችና የምክትሉ የቶማስ ጄፈርሰን ሪፐብሊካኖች (የዛሬዎቹ አይደሉም) ተፋጠጡ። በ1798 በወጣ ሕግ መንግሥትን የተቹ ጋዜጠኞች ታሰሩ። አንዱ ወገን ጄፈርሰንን ሃይማኖት የለሽ ሲል፣ ሌላው አዳምስን ንጉሥ መሆን ያምረዋል ይል ነበር።

ድምፁ ሲቆጠር አዳምስ 65 አግኝቶ ተሸነፈ። ነገር ግን በጊዜው ሕግ እያንዳንዱ መራጭ ተወካይ ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ሳይለይ ለሁለት ሰዎች ድምፅ ይሰጥ ስለነበር፣ ጄፈርሰንና ለምክትልነት የታሰበው የገዛ ወገኑ ኤሮን በር እኩል 73 አገኙ። በር ቁርጥ ባለ ቃል ራሱን አላገለለም። ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። እዚያ 16ቱ ክፍለ ግዛቶች አንዳንድ ድምፅ ነበራቸው፤ ለማሸነፍ 9 ያስፈልግ ነበር።

ብዙዎቹ ፌዴራሊስቶች ጄፈርሰንን ከመጥላታቸው የተነሳ በርን ደገፉ። ከፌብሩዋሪ 11 ቀን 1801 ጀምሮ 35 ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ ጄፈርሰን ከ8 አላለፈም።

የፌዴራሊስቶች መሪና የጄፈርሰን የቆየ ባላንጣ የነበረው አሌክሳንደር ሐሚልተን ግን ድምፅ መስጠቱ ከመጀመሩ በፊት አንስቶ ለወገኖቹ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ጄፈርሰን በሐሳብ ቢለየንም ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ከበር ይሻላል ሲል መሰከረ። ሐሚልተን እንከን የለሽ አልነበረም፤ በዚያው ምርጫ ሰሞን የገዛ ወገኑን አዳምስን ክፉኛ ነቅፎ ጽፏል። ምስክርነቱ ምን ያህል እንደሠራም የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። ሆኖም የደላዌር ብቸኛ ተወካይ ፌዴራሊስቱ ጄምስ ባያርድ አቋሙን ለወጠ፤ በፌብሩዋሪ 17 በተሰጠው 36ኛ ድምፅ ጄፈርሰን በ10 ክፍለ ግዛቶች አሸነፈ። አዳምስ በማርች 4 ማለዳ የበዓለ ሢመቱን ሥርዓት ሳይጠብቅ ከከተማው ወጣ። ቢከፋውም ሥልጣኑን ያለ ጦር አስረከበ። በ1804 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፕሬዚዳንቱና የምክትሉ ድምፅ ተለየ።

ይህን ስንል ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለታችን አይደለም። ባሮች ድምፅ ሳይኖራቸው፣ አምስቱ እንደ ሦስት ሰው እየተቆጠሩ የጌቶቻቸውን ክፍለ ግዛቶች የድምፅ ብዛት ያሳድጉ ነበር። በአሜሪካ ባሮች መካከል ከምዕራብ አፍሪካ የተጋዙ ሙስሊሞችም ነበሩ። የነጻነት ምርጫ የተባለው በእነርሱ ጀርባ ላይ የቆመ ነበር።

ታዲያ ምን እንያዝ? ሕጉ ጉድለት ነበረበት፤ ሰዎቹም እንዲሁ። አገሪቱን ከቀውስ ያወጣት ከወገኖቹ ድል ይልቅ የአገሩን ደኅንነት ያስቀደመ ሰው መገኘቱ ነው። ለወዳጅ መመስከር ቀላል ነው። የማንወደው ሰው የተሻለ ሆኖ ሲገኝ «ይሻላል» ለማለት አንደበታችን ይታዘዘናል? በማኅበራችን፣ በሠፈራችን፣ በቤተሰባችንም መካከል ሰው ስንመርጥ ራሳችንን በዚህ እንመዝን።