ወፍጮን የሚያወድስ ይንበርከክ

«ዳጣ በወፍጮ ካልተፈጨ ዳጣ አይባልም» የሚሉ ወንዶች ብዙ ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። አባባሉ እውነትነት አለው። የብሌንደር ምላጭ ቃሪያውን ይከትፈዋል፤ እንዲሽከረከር ውሃ ይጠይቃል፤ ዳጣውም ይቀጥናል። መጅ ግን ይጨፈልቃል፤ የነጭ ሽንኩርቱን፣ የዝንጅብሉን፣ የበሶብላውንና የጤና አዳሙን ዘይት አውጥቶ ከቃሪያው ጋር ያዋህዳል።

ይሁንና ይህን ውዳሴ የምንደረድረው ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ በቆጮ እየጠቀስን ነው። ባለፈው እሑድ እናቴን ጉልበቷን እያመማት፣ «እኔ የወፍጮውን ነው የምወደው» አልኋት። «እንግዲያው ፍጨዋ፣ ልጄ» አለችኝ። ተንበረከክሁ። ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ሳይልም ወገቤ ዛለ፣ ዓይኔ አነባ፤ መዳፌማ እስከ ሌሊት ሲቃጠል ቆየ። በዚያው ሌሊት ስለ እናት እጅ የጻፍኋቸውን ግጥሞች አውጥቼ አነበብሁ። እጆቹ በሁሉም ለስላሳ ናቸው፤ በአንዱም አይቃጠሉም። አፈርሁ።

የባህላችን መለያ የምንለው ቃሪያ ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በአገራችን አልነበረም። ባህል እንግዳን ተቀብሎ እንዲህ ባለቤት ካደረገ፣ ከወፍጮው ፊት የወንድ ጉልበት ማየት እንዴት ይከብደዋል?

አቋሜ ይህ ነው፦ ወፍጮን የሚያወድስ ይንበርከክ። መንበርከኩን ያልፈለገ ደግሞ በብሌንደር የተሠራውን አመስግኖ ይብላ። እኔ የሚቀጥለውን ግጥሜን የምጽፈው መዳፌ ከተቃጠለ በኋላ ነው።