ችግኝ በጠራራ ፀሐይ፣ መምህር በባዶ እጁ!

ከዲላ ተነስቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። እዚያ ቡና ብቻውን አይቆምም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከመሀል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው። የጌዴኦ ገበሬ ጨቅላ ችግኝ ወስዶ ጠራራ ፀሐይ ላይ አይተክልም። ቢተክል ጎረቤቱ "ምነው፣ ጤና የለህም እንዴ?" ይለዋል። ይኸው ጥበብ ነው መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው። ያን ሰሞን ስንቱ ባለሥልጣን ደረቱን ነፋ!

ጥያቄዬ ከዚህ ይጀምራል። የቡና ችግኝ ጥላ እንደሚያሻው ለዓለም ያስተማረ አገር፣ ጀማሪ መምህር ጥላ አያሻውም ያለው በየትኛው ስሌት ነው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይጮኻል። ግማሹን ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4 ነበሩ። በ2017 ከመቶ 8.4 ሲሆን "ተሻሻለ" ተባለ። ከመቶ ዘጠና በላይ ልጅ ወድቆ ተሻሻለ! ከዚያ ጣት ይቀሰራል። ወደ ማን? ወደ መምህሩ። "መምህሩ አይችልም፣ መምህሩ አያነብም፣ መምህሩ ይፈተን!" እሺ፣ ይፈተን። ግን መጀመሪያ ማን አዘጋጀው?

ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ራሴን ልክሰስ። ይህን የምጽፈው ሰው ብዕር ከመያዜ በፊት ጠመኔ ይዤ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃ ሲል ክፍት ሆኖ የጠበቀኝ የመምህርነት በር ነው። ወድጄ አልገባሁም። 10+3 ተምሬ ዲፕሎማዬን ያዝኩ። ስለ ልጆች ሥነ ልቦና የሚያወራውን ኮርስ "ኤ" ነው ያገኘሁበት። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተላክን። የክፍሉ ነባር መምህር ጠመኔውን አስረክቦኝ "እስቲ ትንሽ ልረፍበት" ብሎ ወጣ፤ ልምምዳችን እስኪያልቅ ክፍል ውስጥ አላየሁትም። ከኮሌጅ የመጣው ተቆጣጣሪ አንዴ ብቅ አለ። ኋላ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ተቀመጠ፣ ሌሰን ፕላኔን አገላበጠ፣ ቅጹን ፈረመ። "ጎበዝ፣ ድምፅህ ይሰማል" አለኝና ሄደ። በቃ! ሦስት ዓመት ተምሬ ስለ አስተማሪነቴ የተነገረኝ ይኸው ነው፤ ድምፄ ይሰማል።

ከዚያ ጌዴኦ ዞን ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ተመደብኩ። ስሙን አልጠራውም። ሰማንያ ልጅ፣ በአንድ ወንበር አራትም አምስትም ሆነው። በዚያን ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል በጌዴኡፋ የተማረ ልጅ አምስተኛ ሲደርስ መጽሐፉ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ከጌዴኡፋ ሰላምታ እንኳ አላውቅም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እተረጉማለሁ፣ ልጆቹ በጌዴኡፋ ይንሾካሾካሉ። ሦስት ቋንቋ በአንድ ክፍል፣ መግባባት ግን የለም!

ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት። አንድ ልጅ ለሦስተኛ ቀን አርፍዶ መጣ። ለምን አልኩት፤ ዝም። ጮህኩበት፤ ዝም። ድምፄ መቼም ይሰማል! አርጩሜ አንስቼ መዳፉን መታሁት። ሲዘረጋው ጣቶቹ በቡና ጭማቂ ጠቁረው፣ ተሰነጣጥቀው አየሁ። አይቼም ሁለተኛውን አልተውኩለትም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ በተሰባበረ አማርኛ "ቲቸር፣ እናቱ ታማለች፤ የሚለቅመው እሱ ነው" አለችኝ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ዘመን አልፎ እኔም ሥራውን ትቼ ወጣሁ፤ የልጁ መዳፍ ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። አውቀው ነበር፤ ተፈትኜበታለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን በኮሌጁ አላሳብብም፤ አርጩሜውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ አንጋፋ መምህር አጠገቤ ቆሞ "ልጁ ዝም ሲል አትጩህ፤ ለብቻው ጠርተህ ጠይቀው፤ በአማርኛ ካልቻለ ጓደኛው ትንገርህ" ቢለኝ ኖሮስ? ይህን ለመማር ስንት ብር ያስፈልግ ነበር?

ይህ የእኔ የብቻዬ ጉድ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ዝም እል ነበር። የአገር ጉድ ነው እንጂ! የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ተባለ። መልካም ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን ቋንቋውን የሚችል የሠለጠነ መምህር ከወዴት ይምጣ? ከመጀመሪያ እስከ አራተኛ ክፍል ላለው ልጅ የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት ይበቃል ተባለ። ዕድሜው ያነሰውን፣ እጅግ ብልሃት የሚፈልገውን ልጅ፣ ሥልጠናው ላነሰው ሰው ሰጡት። በ1990ዎቹ አጋማሽ "ቴሶ" መጣ፤ የዲግሪው ሥልጠና ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፤ ልምምዱ ግን በወረቀት ላይ በዛ። በ1997 ፕላዝማ መጣ፤ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ትምህርት በሳተላይት ወረደ፤ መምህሩ የቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁ ጥያቄ ሲኖረው ፕላዝማው አይቆምለትም። ከዚያ ደግሞ መጀመሪያ በሙያህ ዲግሪ ያዝ፣ ማስተማሩን በአንድ ዓመት ዲፕሎማ ትደርብበታለህ ተባለ። ስሙ ተለወጠ፣ ዓመቱ ተለወጠ፣ ሞጁሉ ተለወጠ። ጀማሪውን መምህር እጁን ይዞ ክፍል የሚያስገባው ሰው ግን ያኔም አልነበረም፣ በኋላም አልመጣም።

ዲላ እኮ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም! የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲጠነሰስ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። ያ ስም አንድ ቁም ነገር ይነግረናል። መምህርና የጤና ባለሙያ በአንድ ግቢ። ለመሆኑ የጤና ተማሪን አስቡት። አንድም ቀን ሐኪም ሳይቆጣጠረው በሽተኛ ላይ መርፌ እንዲወጋ እንፈቅዳለን? "ድምፅህ ይሰማል" ብለን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እንልከዋለን? መርፌ የሳተ ባለሙያ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፤ ሰማንያ ልጅ ፊት ሳይዘጋጅ የቆመ መምህርስ?

በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ልጅ የሚማርበት ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ተኛበት። ያ ልጅ ተመልሶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ፊቱ የቆመው መምህር ምን ይበለው? ለዚህ ማን አሠለጠነው? የቤቱን መቃጠል ያየ ልጅ "የቤት ሥራህስ?" ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ቢል፣ አርጩሜ ነው የሚገባው?

"በጀት የለም" የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። አንደኛ፣ እጩ መምህር ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በአንድ አንጋፋ መምህር ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ አይቶ፣ ቀጥሎ አግዞ፣ በመጨረሻ እየታየ ያስተምር። ለአንጋፋውም ለድካሙ ይከፈለው፤ ጠመኔ አስረክቦ አይውጣ። ሁለተኛ፣ ጌዴኦ የሚመደብ ሁሉ ጌዴኡፋ ይማር። የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ለልጁ "ለምን አረፈድክ?" ለማለት አልበቃም። ሦስተኛ፣ የትምህርት ዘመኑ የቡናውን ለቀማ ይወቅ። ገበሬው የሚያውቀውን የቀን መቁጠሪያ ትምህርት ቢሮ ቢያውቀው ምን ይጎዳል? አራተኛ፣ መምህርነት የወዳቂ ማራገፊያ መሆኑ ይብቃ። ፈልጎ የሚገባ ጎበዝ እንዲኖር ደመወዙ በወሩ ይድረሰው፤ ኑሮውም የሰው ኑሮ ይሁን።

ለናንተ ዛሬ ጠመኔ ለያዛችሁ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። መንግሥት እስኪያዘጋጃችሁ አትጠብቁ። የሰማንያውንም ልጅ ስም አጥኑ። ከጠየቃችሁ በኋላ ትንሽ ታገሡ፤ መልሱ ከኋላ ወንበር ሊመጣ ይችላል። ከመቅጣታችሁ በፊት መዳፉን እዩ። እኔ አይቼ ነበር፤ አልገባኝም እንጂ።

ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ ወደ ዲላ በሄዳችሁ ቁጥር ቡናውን ጠጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። አንድ ገበሬ ጓሮ ግቡና ችግኝ እንዴት እንደሚያድግ ጠይቁት። እሱ ዲፕሎማ የለውም። ችግኙ ግን አይደርቅበትም!

ልቦናውን ይስጠን!