ነፍሰ ጡርና የቤት ኪራይ

ልጆቼ ሆይ! ገና በመጣ ቍጥር፥ ለማርያም ማደሪያ የነፈጉትን የቤተ ልሔም ሰዎች እንወቅሳለን። እኛስ? እዚሁ ሞጣ አንዲት ጎረቤቴን በስምንተኛ ወሯ፥ አከራይዋ «የሕፃን ልቅሶ አልችልም» ብሎ አስወጣት። ምጣዷን አዝላ በደጄ ስታልፍ፥ የሉቃስን ወንጌል ስንት ዘመን ያስተማርሁ እኔ ዝም ብዬ አየሁ።

«ቤቱ የራሴ ነው» ይላል አከራዩ። የራሱስ ነው፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል።

ስትወልድ ቅቤና ዱቄት ይዘን የምንሮጥ ጎረቤቶች፥ ስትባረር የት ነበርን? ገንፎውስ የሚገነፋው ምድጃ ሲኖር አይደለምን?

እናንተ ግን እንደ እኔ ዝም አትበሉ። ሸክሟን ተቀበሏት፤ አከራዩንም በአክብሮት፥ ነገር ግን ሳትፈሩ ተናገሩት።