«አትሂዱ» የመንገድ ምክር አይደለም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ቡና ይዤ ተቀምጬ አንድ የሰፈሬ ልጅ አጠገቤ መጣና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይስሙልኝ» አለ።

የድምፅ መልእክት ነው፤ አራት ደቂቃ ከምናምን። ተናጋሪው ስሙን አይናገርም፤ አነጋገሩ ግን የእኛው አገር ሰው ነው፤ በየመሐሉ «አብሽር» ይላል። ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ፔሩ፣ ኢኳዶር፣ ኮሎምቢያ፣ ከዚያ «ትንሽ ጫካ አለች»፣ ከዚያ ፓናማ፣ ኮስታሪካ፣ ኒካራጓ፣ ሆንዱራስ፣ ጓቲማላ፣ ሜክሲኮ፣ አለቀ። ልጁ የአገሮቹን ስም በቅደም ተከተል በቃሉ ይዞታል። በጂኦግራፊ ስንት እንዳመጣ ስለማውቅ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋ።

ያቺ «ትንሽ ጫካ» ዳሪየን ናት። ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚወርደው የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና የሚቋረጥባት ቦታ እሷ ናት። በኮሎምቢያና በፓናማ መሐል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ረግረግ፣ ገደልና ወንዝ፣ መኪና የማይገባበት። በፈረንጆቹ 2023 ብቻ ከ520,000 በላይ ሰው በእግሩ አቋርጧታል። ወንዝ የወሰደው፣ ሽፍታ የዘረፈው፣ የተደፈረችው ብዙ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የለም።

ሌላም የሌለ ነገር አለ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ በደቡብ ድንበሯ በኩል ጥገኝነት የሚጠየቅበትን በር ዘጋች። የካቲት ላይ ደግሞ ከእስያና ከአፍሪካ አገራት የመጡ 300 ገደማ ሰዎችን በአውሮፕላን ጭና ፓናማ ላይ አራገፈቻቸው። ሆቴል ውስጥ ተቆልፎባቸው ሰነበቱ፤ ወደ አገራችን አንመለስም ያሉት እዚያው ዳሪየን አካባቢ ወዳለ ካምፕ ተወሰዱ። ልጁ መልእክቱ መቼ እንደተቀዳ አያውቅም። በጆሮዬ እንደሰማሁት ከዚህ ሁሉ በፊት የተቀዳ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለመግዛት የማይፈልግ ሰው፣ ጊዜው ባለፈበት የመንገድ ምክር ሕይወቱን ሊያስይዝ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ለእነዚሁ አገሮች ሌላ ዓይነት የመንገድ ምክርም አለ። አንድ አሜሪካዊ ለሁለት ሳምንት እረፍት ፓናማ ልሂድ ቢል የአገሩ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጻፈለትን ይከፍታል። አገሮች ከ1 እስከ 4 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ስለ ፓናማ በጥቅሉ «ተጠንቅቀህ ሂድ» ይለዋል፤ ዳሪየን ጋ ሲደርስ ግን ቦታውን በስሙ ጠርቶ «እዚህ አትሂድ» ይለዋል፣ ለምን እንደሆነም ይነግረዋል። ቢታመም፣ ቢዘረፍ፣ ፓስፖርቱ ቢጠፋ፣ ቢታሰር ለማን እንደሚደውል ተጽፎለታል። የትኛውን ክትባት እንደሚወስድ ሳይቀር ያውቃል። ሁኔታው ሲለወጥ ጽሑፉም ይለወጣል፤ ቀኑ ከላይ አለ። ሊዋኝና ፎቶ ሊነሳ ለሚሄድ ሰው እኮ ነው ይህ ሁሉ!

የኛ ልጅ በዚያው አገር በእግሩ ሊያልፍ ነው። የያዘው ምክር የደላላ ድምፅ ነው። በፓናማ ቢታሰር እናቱ ለየትኛው ኤምባሲ ትደውል? ይህን የሚመልስላት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አሳዩኝ።

ፓናማ ሩቅ ናት ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ደጃችን እንምጣ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከቃሉ የሚነሳው ወጣት ብዙው የሚሄደው በባቲ ቁልቁል ወርዶ በአፋር፣ ከዚያ በጅቡቲ፣ በኦቦክ ዳርቻ፣ በባሕር፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ነው። ይህን መንገድ እዚህ የማያውቅ ቤት የለም። አንድ ሰው ያልሄደበት፣ ወይም ሄዶ ያልተመለሰለት፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተጠርዞ መጥቶ ለሦስተኛ የሚሰናዳ የሌለበት ጎረቤት ፈልጉና ንገሩኝ። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ጠርዛ ስትልክ ገሚሱ እንደገና በመጣበት እግሩ ተመልሷል ቢባል የሚገረም የአካባቢያችን ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለዚህ መንገደኛ ምን እንነግረዋለን? «አትሂድ»። በቃ። አዳራሽ ይከራያል፣ «ሕገ ወጥ ስደትን በጋራ እንከላከል» የሚል ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውኃ ይደረደራል፣ አበል ይፈረማል። እኔም ፈርሜ አውቃለሁ፤ አልዋሽም። ከመድረክ የሚነገረው ሐሰት አይደለም፤ ባሕሩም ይገድላል፣ በረሃውም ይገድላል። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችንም መሄድ የማንፈልግ ሰዎች ነን። መሄድ የፈለገው ልጅ መናኸሪያ አካባቢ ከደላላው ጋር ነው። ጥያቄ አለዋ! ስንት ቀን ነው? ውኃ ይገኛል? ገንዘቡን የት ልያዘው? ቢይዙኝ ምን ልበል? እነዚህን ጥያቄዎች በዚህ ከተማ ሳይቆጣ የሚመልስለት ደላላው ብቻ ነው። እኛ «አትሂድ» ብለን አፋችንን ስንዘጋ የምክሩን ገበያ በሙሉ ለደላላው አስረክበን ነው የወጣነው።

አንድ ወዳጄ፣ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ይህን ሳነሳበት «መረጃ መስጠት እኮ ማበረታታት ነው» አለኝ። ይህን መልስ ብዙዎቻችሁም እንደምትሰጡኝ አውቃለሁ።

በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። አምባው ገደል ነው፣ መውጫው አንድ በር ነው። ታዲያ አባቶች መንገደኛውን ምን ይሉታል? በትር ያዝ፣ ጋቢ ያዝ፣ ከበሩ ላይ አትጋፋ፣ ሽማግሌ አስቀድም። ሐጅ የሚሄደው አባታችንም ከመነሳቱ በፊት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መጨናነቁ፣ ከቡድኑ ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ይነገረዋል። እነዚህ የተፈቀዱ ጉዞዎች ናቸው ትሉኛላችሁ፤ ልክ ነው። ግን ሰው በገደል ላይ የሚሞተው ፈቃድ ስለሌለው አይደለም፤ ገደሉን ስላላወቀው ነው። ወሎ የነጋዴ አገር ነው። ባቲ ገበያ ደገኛውና ቆለኛው ሲገናኙበት የኖረ ነው። ቅፍለት ይዞ አፋር የሚወርድ ሰው ውኃው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር ወዳጅነት መያዝ እንዳለበት ሳይነገረው ከቤት አይወጣም ነበር። የመንገድ ምክር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የነፈግነው ለዚህኛው መንገደኛ ብቻ ነው።

ደግሞ እኮ እውነተኛ ምክር ከባነር የበለጠ ያስፈራል። ለልጁ «በረሃው አደገኛ ነው» አትበሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ ላይ ጃኬት ለብሰህ ነው የምትነሳው። በጅቡቲ የምታልፍበት የአሳል ሐይቅ ዙሪያ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ የዘቀጠ መሬት የለም። እዚያ በእግርህ ነህ፣ በእጅህ ያለችው አንድ ጀሪካን ናት በሉት። «ባሕሩ አደገኛ ነው» አትበሉት። ሐምሌ 27 ቀን 2017 የመን አብያን አጠገብ ከ150 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ቢያንስ 68 ሰው ሞቷል በሉት። ከዚያ በፊት በ2016 መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጅቡቲ ዳርቻ የሰጠሙት ሁለቱ ጀልባዎች ደግሞ ከየመን ወደዚህ እየተመለሱ ነበር፤ በየመን ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት የዞሩ ሰዎች ናቸው፣ ሲመለሱ ነው የሞቱት በሉት። ደላላው ስለ መልሱ ጉዞ አንስቶ ያውቃል?

ስለ ሳዑዲ ድንበርም ይነገረው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመጋቢት 2022 እና በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ምናልባትም ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በቅርብ ተኩስ ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ አስተባብላለች። ልጁ ሁለቱንም ሰምቶ ይወስን።

ይህን ሰምቶም የሚሄድ ይኖራል። አውቃለሁ። ለእሱስ? ለእሱ ደግሞ ነፍሱን ይዞ የሚያቆየውን ንገሩት። መጀመሪያ የሚወሰድብህ ስልክህ ነውና ሁለት ቁጥር በቃልህ ያዝ። ከቤት ስትወጣ ለአንድ ሰው እውነተኛውን ቀንና መንገድ ተናገር፤ «አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ» ብለህ አትጥፋ፤ የሞተ ልጁን ሬሳ እንኳ የት ይፈልግ ሳያውቅ ዓመት የሚጠብቅ አባት አለ። «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ካለህ የምትከፍለው በየመን ታስረህ፣ እናትህ ጩኸትህን በስልክ እየሰማች ነው። መመለስ ከፈለግህ አይኦኤም የሚባለው ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት በሰመራና በኦቦክ የመንገደኛ ማዕከል አለው፤ እዚያ መግባት ወንጀል አይደለም። ይህን ማወቅ ማንንም አያስኬድም፤ ወደ ቤት ሊመልስ ግን ይችላል።

ሕጋዊው በርስ አለ አይደል? አለ፤ እሱንም በወጉ አንናገረውም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርቷ፣ ለሕክምና ምርመራዋ፣ ለክትባቷ፣ ሰነዶቿን ለማረጋገጥ፣ ይህን ለመሰለው ነው። ይህን በቃሏ የምታውቅ ስንት ልጅ አለች ከሸዋ በር እስከ ኮምቦልቻ? «ለቪዛ» ተብሎ የእናቷ ወርቅ የተሸጠባት ልጅ አውቃለሁ። ማንም አልነገራትም። የአዋጁን አንድ አንቀጽ በትልቁ አትሞ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከአንድ አዳራሽ ኪራይ ያንሳል። በነገራችን ላይ መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ከሆነ ወዲህ ድሃዋ ሕጋዊውን መንገድ ገና በር ላይ ነው የምትፈራው። ለወንዱ ደግሞ ሕጋዊው በር ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው፤ በብዛት የሚፈለገው የቤት ሠራተኛ ነውና። «በሕጋዊ መንገድ ሂድ» ሲባል የቃሉ ገበሬ ልጅ የት እንዲሄድ ነው የተፈለገው?

ስለ ሥራ ማጣቱ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዛሬ አልጽፍም፤ ሌላ ቀን ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚላከው እዚሁ አገር ውስጥ ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ ስም አለው። ደረሰኝ አለው። እናቶች በሬ ሸጠው፣ ከዕድር ተበድረው ያስገቡበትን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ለቤተሰብም የመንገድ ምክር ያስፈልገዋል፦ ደረሰኙን አትጣሉ፣ የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት ጻፉ፣ ብቻችሁን ተደብቃችሁ አትክፈሉ፣ አንዴ ከተከፈለ ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠብቁ። ለሕግ አስከባሪም ጥያቄ አለኝ። የሰው ንግድን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012 በእጃችሁ ነው፤ ያ ደረሰኝ ላይ ያለው ስም የት ደረሰ? አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከመኪና አውርዶ በራዲዮ ማሳየት ቀላል ነው። ስሙን መከተል ይከብዳል።

ከባሕር ማዶ ላላችሁትም አንድ ቃል። ሪያድ፣ ጂዳ፣ ዋሽንግተን ሆናችሁ መኪና ተደግፋችሁ የምትለቁት ቪዲዮ እዚህ እንደ መንገድ ምክር ነው የሚታየው። መንገዱን ያለፋችሁት ታውቁታላችሁ። ሌሊቱንም ንገሩን እንጂ።

ልጁን ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ። አትሂድ አላልኩትም፤ ሂድም አላልኩትም። ወረቀት አወጣሁና ከላይ የጻፍኩትን ያህል ጻፍኩለት፤ የዳሪየንን ካርታ በስልኩ ከፍቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። «ታዲያ ሰውዬው ትንሽ ጫካ ያለው ይህን ነው?» አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የድምፅ መልእክቱን ግን አላጠፋውም፤ አይቼዋለሁ።

ይህን ቻናል ከምትከታተሉት መሐል ከየመን፣ ከሳዑዲ፣ ወይም ከዚያ ከሩቁ ከፓናማ መንገድ የተመለሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከመሄዴ በፊት ማን በነገረኝ የምትሉትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን አላወጣም። በሚቀጥለው ጽሑፍ በአንድ ገጽ ሰብስቤ ከነቀኑ እለጥፈዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ወዳጄም የመጀመሪያውን 200 ኮፒ በነፃ አትምልሃለሁ ብሎኛል።