የጠዋት ሕመም፦ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን ሕፃናት በጅማና በቡና ከተሞቿ በጊዜ ስለ ማግኘት

ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ጉልበቱን መዘርጋት አቅቶት የሚያነክስ፣ ረፋዱ ላይ ግን ከእኩዮቹ ጋር የሚሮጥ ልጅ «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ያመካኛል» መባሉ አይቀርም። በሕክምናው ዓይን ሲታይ ግን ይህ የጠዋት መተሳሰርና የቀን መፍታታት የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ከሚታወቅባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ማልዶ የተነሳ ቤተሰብ ጅማ ደርሶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ወደ ቀትር ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የልጁ መገጣጠሚያ ተፍታቷል። ሐኪሙ የሚያየው ልጅ እናቱ ጠዋት ያየችው ልጅ አይደለም። በእኔ አስተያየት በአካባቢያችን የዚህ ሕመም ቀዳሚ ችግር የመድኃኒት እጥረት ሳይሆን ይህ የሰዓት አለመገጣጠም ነው።

ጁቨናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ የሚባለው ከ16ኛ ዓመት ልደት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚከሰት ሲሆን በሥሩ በርካታ ዓይነቶችን ያቅፋል። «ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት» የሚለው ሐረግ በአገራችን ከባድ ሸክም አለው። የመገጣጠሚያ ቲቢ፣ መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ፣ ብሩሴሎሲስ፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር አስቀድመው መጣራት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ግን ከሩማቲክ ትኩሳት ጋር ይምታታል። ባለሙያዎቻችን የልብ ቧንቧ በሮችን የሚያበላሸውን ይህን ትኩሳት መፍራታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም የሩማቲክ ትኩሳት እብጠት ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ በሳምንታት ውስጥም ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል። እኛ የምንነጋገርበት ብግነት ግን በያዘው መገጣጠሚያ ላይ ይቆያል። ልዩነቱ ካልተጤነ አንድ ልጅ ለሌለበት ሕመም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን እየተወጋ ያለበት ሕመም ጉልበቱን ሲበላው ሊኖር ይችላል።

ሌላው አሳሳች ነገር መውደቅ ነው። ልጅ ሁሉ ይወድቃል፤ በክረምት ጭቃ የቡና ማሳ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። ስለዚህ ጉልበት ባበጠ ቁጥር የሚወቀስ አንድ መውደቅ አይጠፋም፤ ልጁም ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ወጌሻን እንደ ባላንጣ የሚያዩ ጽሑፎች አይስማሙኝም። የወለቀ ትከሻ በመመለስ የተመሰገኑ እጆች አሉ፤ ቤተሰቡም የሚያምነው እነርሱን ነው። ነገር ግን የተቆጣ መገጣጠሚያን ማሸትና መጎተት ሕመሙን ያብሳል፣ ጊዜም ይበላል። ወጌሻው ሊይዘው የሚችል አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ ከመውደቅ የመጣ እብጠት በ6 ሳምንት ውስጥ ሊቀንስ ይገባል፤ ያልቀነሰ ወይም ጠዋት ጠዋት የሚብስ እብጠት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትኩሳት ያለው ወይም መቆም ጨርሶ ያቃተው ልጅ ግን አንድ ቀንም አይጠብቅ።

መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በእግር ብቻ አያበቃም። ጥቂት መገጣጠሚያዎችን በሚይዘው ዓይነት፣ በተለይም በሕፃንነት ሲጀምር፣ ዓይን ውስጥ ብግነት ሊነሳ ይችላል። ይህ ብግነት ብዙውን ጊዜ ዓይንን አያቀላም፣ አያሳምምምም። ልጁ ማየት እየተሳነው መሆኑ የሚታወቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚገኘው ስሊት ላምፕ በተባለው መሣሪያ በየጊዜው፣ ለአደጋ በይበልጥ የተጋለጡት ደግሞ በየሦስት ወሩ ሲመረመሩ ነው። ጉልበቱ ያበጠ ሕፃን ለምን ወደ ዓይን ክፍል እንደሚላክ ለቤተሰቡ ካልተብራራ ቀጠሮው መቅረቱ አይገርምም።

ታዲያ በጊዜ እንዴት ይገኙ? እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር ተዘጋጅቶ የታተመው ፒጋልስ የተባለ አጭር ምርመራ አለ። በሁለት ደቂቃ ገደማ የልጁን አካሄድ፣ እጆች፣ እግሮችና አከርካሪ ይቃኛል፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ማላዊ ውስጥ በታመሙ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ስለዚህ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች እንግዳ አይደለም። ምርመራው በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ ሕመም ወይም መተሳሰር አለ? ያለ ረዳት መልበስ ይቸግራል? ደረጃ መውጣትና መውረድ ያስቸግራል?

ሦስተኛው ጥያቄ በጎማ ወረዳ ገበሬ ቤት ትርጉም የለውም። ቤቱ ደረጃ የለውም። ሁለተኛውም ቢሆን በቁልፍና በዚፕ ለሚዘጋ ልብስ የታሰበ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የባሰ ክፍተት አለው፤ ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ «አመመኝ» አይሉም፣ ያነክሳሉ እንጂ። ጥያቄዎቹን ቃል በቃል ተርጉሞ ማሰራጨት፣ ተማሪዎች ስንባል አዘውትረን የምንሠራው ሥራ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ አይበቃም። ለጉልበትና ለዳሌ ሊጠየቅ የሚገባው ልጁ ከዱካ ሲነሳ እጁን መሬት ላይ ይደግፋል ወይ፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ያቅተዋል ወይ፣ ሱጁድ ሲወርድ ወይም ሲሰግድ ከበፊቱ ተለውጧል ወይ የሚለው ነው። ለእጅ አንጓና ለጣት እንጀራ መቁረስ፣ እርሳስ መያዝ፣ ቡና መልቀም አሉ። ለትከሻና ለክርን ጀሪካን ማንሳት አለ። በሁሉም ላይ «ጠዋት ነው ወይስ ቀን?» የሚል ይጨመር። የአብዛኛው ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑም ጥያቄዎቹ ከመነሻው በዚያ ቋንቋ መቀረጽ አለባቸው፤ ከአማርኛ የተገለበጡ መሆን የለባቸውም።

የቡና መልቀምን ጉዳይ ጠንከር አድርጌ ማንሳት እወዳለሁ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት የቀላውን ፍሬ ብቻ መርጦ መቀንጠስ የአውራ ጣትንና የሌባ ጣትን ቅንጅት ይፈልጋል። አምና ቅርጫቷን ትሞላ የነበረች ልጅ ዘንድሮ ግማሽ ላይ ከቀረች፣ ያ ለእናቷ የስንፍና፣ ለእኛ ግን የምርመራ ውጤት ሊሆን ይችላል። ይሁንና በዚሁ ወቅት ብዙ ልጆች ከክፍል ስለሚቀሩ የታመመችው ልጅ መቅረት ከሌሎቹ ተለይቶ አይታይም።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ያለው ኑሮ የራሱ ብልሃት አለው። ጠዋት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ መገጣጠሚያን ያፍታታል። እናት አዝና ልጇን ማዘል፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ ደግሞ ከርኅራኄ የመጣ ስሕተት ነው፤ ጡንቻ ይከሳል፣ ጉልበትም እንደታጠፈ ይቀራል። መምህሩ ልጁ በየመሃሉ ተነስቶ እንዲንጠራራ ቢፈቅድ፣ ማርፈዱንም በበትር ባይቀበል ትልቅ እርዳታ ነው። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር የሚገዛ ፕሬድኒሶሎን ሕመሙን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ሲዘወተር ግን ዕድገት ይገታል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ በድንገት ሲቋረጥም አደገኛ ነው። የሕክምናው ምሰሶ የሆነው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን በየቀኑ ቢወሰድ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ገበያ ይረዳናል። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያዋ ትታወቃለች፤ ሌሎቹም ከተሞች የየራሳቸው የገበያ ቀን አላቸው። «መድኃኒቱ የገበያ ቀን ነው» የሚል መመሪያ ማንበብ ለማይችል ቤተሰብም አይጠፋም።

ወጪውስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ሊሙ ኮሳ ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መድኑ የሕክምናውን ሸክም አቅልሏል። ነገር ግን ለደም ምርመራ፣ ለዓይን፣ ለፊዚዮቴራፒ የሚደረገው ምልልስ የመኪና ክፍያና የሥራ ቀን ይበላል። ሦስቱን ቀጠሮዎች በአንድ ቀን ማድረግ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የክፍሎችን መነጋገር ብቻ ይጠይቃል።

የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ከተቋቋመ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የጅማ መለያ ሆኖ ቆይቷል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌዎች ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። ከመጠይቆቻቸው ጋር እነዚህን ጥቂት ጥያቄዎች ማያያዝ ቀላል ነው። ለማስተርስ መመረቂያ ርእስ ለሚፈልጉ ባልደረቦቼም ሥራው ክፍት ነው፦ የእናቶችን መልስ ከሠለጠነ መርማሪ ግኝት ጋር ማነጻጸር፣ የትኛው ጥያቄ የታመመውን ልጅ እንደሚለይ፣ የትኛው ጤነኛውን በከንቱ እንደሚያስጨንቅ መለካት። ጥናቱ በመስከረም፣ ለቀማው ሳይጀምርና ክፍሎች ሳይሳሱ ቢካሄድ ይመረጣል። መርማሪውም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይገኝ።